ሾፌሩ መድኃኒት ጀምሯል

ሚስቴ ጥላኝ ወደ እናቷ ቤት የሄደችው ጣቴ ሸቷት ነው። ሌላ ጸብ አልነበረንም። እንዲያውም ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ሰሞን ተዋደን አናውቅም፤ ብዙ ዓመት ጠብቀን፣ ጠበሉንም ሐኪሙንም አዳርሰን፣ ዘመድ ሁሉ መጠየቅ ካቆመ በኋላ አርግዛልኝ ነበር። እኔን በደስታ መሬት አልበቃኝ ሲል፣ እሷ የሲጋራ ሽታ ገና በበር ሲገባ ሆዷ የሚገለባበጥባት ሴት ሆና ቁጭ አለች። ውጭ አጭሼ ብገባ ታስመልሳለች። ተጉመጥምጬ ብገባ ታስመልሳለች። ሸሚዝ ቀይሬ፣ ሎሚ አኝኬ፣ በጓሮ በኩል ቀስ ብዬ ብገባ፣ ከተኛችበት ሆና «ጣትህ!» ትልና ወደ ባልዲው ትሮጣለች።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሻንጣዋ በር ላይ ቆሟል። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም።

«የበላሁት ሆዴ ውስጥ መርጋት አለበት» አለችኝ። «አጣዬ እናቴ ጋ ነኝ። ሽታው ከአንተ የወጣ ዕለት እመለሳለሁ። ይሄን ልጅ እዚሁ ቤታችን ሆኜ፣ አንተ ደጅ ቆመህ ድምፁን እየሰማህ ብወልደው ደስ ይለኛል። ሽታው ካልወጣ ግን እዚያው እወልዳለሁ፣ እዚያው አሳድጋለሁ።»

የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ሄዶ መውለድ ያለ ወግ ስለሆነ ጎረቤት አልጠረጠረም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ለወጉ ገና ብዙ ወር ይቀረው ነበር። ባዶ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩና፣ አትታዘቡኝ፣ አንድ ሲጋራ ለኮስኩ።

እኔ የሚኒባስ ሾፌር ነበርኩ። ከሸዋ ሮቢት ተነስቼ በጀውሃ፣ በአጣዬ አድርጌ ካራቆሬ እደርሳለሁ፤ ደግሞ እመለሳለሁ። የአማቴ ቤት ከመንገዱ ዳር ስለሆነ የሸሸችኝን ሚስቴን ደጃፍ በቀን ደጋግሜ አልፋለሁ ማለት ነው። ጥሩንባ ሳሰማ ትወጣለች። በሾፌሩ መስኮት በኩል ትጠጋና «እጅህን» ትላለች። እዘረጋለሁ። ጣቴን ታሸታለች፣ አፍንጫዋን ትሰበስባለች፣ «ዛሬም ነህ» ብላ ትመለሳለች። ተሳፋሪው ሆዱን ይዞ ይስቃል። አንድ ባልቴት «እስቲ እኔም ላሽተው» ብለውኝ ያውቃሉ።

ረዳቴ ደግሞ ከእኔ በዕድሜ እጅግ የሚበልጡ ሰው ነበሩ። በዚያ መስመር ረዳቱን «ጋሼ» እያለ አንቱ የሚል ሾፌር እኔ ብቻ ነበርኩ። ጥንት ይፋት ላይ ሲነግዱ ከኖሩ ሰዎች ዘር ነኝ ይላሉ፤ ሶላት ሲደርስ መኪና ያስቆማሉ፤ የሰው ዕቃ አያስነኩም፤ ሰው መርዳት ነፍሳቸው ነው። ለምስጢር ግን አልተፈጠሩም። ዕድሜ ልካቸውን «አጣዬ ካራቆሬ! አጣዬ ካራቆሬ!» ሲሉበት የኖሩት ጉሮሮ፣ ሹክ ሊሉኝ ሲሞክሩ እንኳ የኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል።

ሸዋ ሮቢት ትምባሆ የሚበቅልበት አገር ነው፤ ሽታውን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ማጨስ የጀመርኩት ግን መሪ ከጨበጥኩ በኋላ ነው። ተራ ስጠብቅ አንድ፣ ተራ ሲደርሰኝ አንድ፣ ትራፊክ ሲያስቆመኝ አንድ፣ ሲለቀኝ ሁለት። አሁን በአንዴ ተው ስባል ከየት ይምጣ? ማስቲካ አኘክሁ፤ መንጋጋዬ አበጠ። ከረሜላ መጠጥኩ፤ ጥርሴን አመመኝ። ሸንኮራ አገዳ ጋቢና ሞልቼ እያላመጥኩ ነዳሁ፤ መኪናው በዝንብ ተወረረ፣ ተሳፋሪ አኮረፈ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ማታ ማታ ጣቴን ሳሸት ያው ነው።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ አንድ ሐኪም ጋ ወሰደኝ። ሐኪሙ ረጋ ያለ ወጣት ነው። ደረቴን አዳመጠና «ለማቆም የሚያግዝ መድኃኒት አለ» አለኝ። የሚቀልድብኝ መሰለኝ። ለሳል ሽሮፕ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለሲጋራ ኪኒን አለ ብሎ ማን ያስባል?

«መጀመሪያ የተሠራው ድብርት ላለበት ሰው ነው» አለ። «በኋላ ግን የሲጋራ አምሮት እንደሚቀንስ ታወቀ። እያጨስክ ትጀምረዋለህ፤ ሳምንት ካለፈህ በኋላ ቀን ትቆርጥና ታቆማለህ። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ተአምር አይሠራም፤ አንተ ካልቆረጥክ ኪኒኑ ብቻውን አያስተውህም። አሁን ካልፈለግህ ሄደህ አስብበት።» ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳና «የሚጥል በሽታ አለብህ?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። እኛ አገር ይሄ ጥያቄ አይደለም፣ ስድብ ነው። የሚጥል በሽታ አለበት የተባለ ቤት ልጅ ለመዳር ስንት መከራ ያያል።

«ኧረ በዘሬም የለ!» አልኩት ጠረጴዛውን መታ አድርጌ።

«አትቆጣ፣ መጠየቅ ስላለብኝ ነው» አለና ጻፈልኝ።

ኪኒኑን ገዝቼ ይዤው ሄድኩ እንጂ ቶሎ አልዋጥኩትም። ብልቃጡን ደረት ኪሴ ውስጥ ይዤ ስንት ጊዜ ተመላለስኩ! ካራቆሬ ማንጎ ዛፍ ሥር ተራ ስንጠብቅ ለጋሼ አወጣሁላቸው።

«ኪኒን የሚውጠው በሽተኛ ነው» አሉ ብልቃጡን እያንኳኩ። «አንተ ምን ሆንክና? የአንተ መድኃኒት አለማጨስ ነው።»

«እሱንማ ማን አጣው ጋሼ! አቃተኝ እንጂ።»

«እንቅልፍ ይነሳል አላልክም? እንቅልፍ ያጣ ሾፌር ደግሞ የሚተኛው መሪው ላይ ነው። አሥራ ምናምን ነፍስ ጭነህ!»

«ሲጋራውስ? እያጨስኩ ብቀር ልጄን የማየው በመስኮት ነው።»

«እሱስ ወላሂ እውነት ነው» አሉ። ከዚያ ብልቃጡን በአንድ እጄ፣ የሲጋራ ፓኬቱን በሌላው አስያዙኝና፣ ሽንኩርት እንደሚያስመዝን ገበሬ አጎንብሰው እጆቼን አዩ። «የትኛው ከበደህ?»

«ብልቃጡ።»

«እንግዲያው የከበደህ ነገር ይቅርብህ» አሉ። ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ ግን ሐሳቡ ተመልሶ መጣ። አንድ ቀን ይደርቃል የተባለውን አፌን እፈራለሁ፣ አንድ ቀን እንቅልፌን፣ አንድ ቀን ደግሞ «ለድብርት የተሠራ» የሚለው ነገር ይከነክነኛል። እኔ ምን ድብርት አለብኝ? የእኔ ችግር ዝም ማለት አለመቻል ነው!

የቆረጥኩት አጣዬ ላይ ነው። ጥሩንባ ነፋሁ፤ እሷ አልወጣችም። አማቴ ነጠላቸውን እያጣፉ ብቅ አሉና «ዛሬስ አትወጣም፣ የአንተን መኪና ድምፅ ስትሰማም ያጥወለውላት ጀመር» አሉኝ። ሆድ ባሰኝ። ሽታዬ አልፎ ድምፄ! መናኸሪያ ስንደርስ ውሃ አስመጥቼ የመጀመሪያዋን ኪኒን ዋጥኩ።

«ጋሼ፣ ለማንም እንዳይናገሩ» አልኳቸው። «አቁሜ ድንገት ላስደስታት ነው የምፈልገው።»

«ወላሂ ትንፍሽ አልልም!»

ትንፍሽ አላሉም፤ ጮኹ እንጂ። በማግስቱ ጠዋት ጀውሃ ላይ የተሳፈረ አንድ ጎረምሳ ከኋላ ሲጋራ ሲለኩስ፣ ጋሼ በሩ ላይ ተንጠልጥለው እንዳሉ «አጥፋ!» ብለው አምባረቁ። «አታይም እንዴ? ሾፌሩ መድኃኒት ጀምሯል!»

ያን ጊዜ የነበረ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ እንደሚስቅ አውቃለሁ። ላልነበረ ግን ልንገረው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በየጤና ጣቢያው በነፃ መሰጠት የጀመረበት ሰሞን ነበር። በሽታውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። «እገሌ መድኃኒት ጀመረ» ከተባለ በቃ፣ የምን መድኃኒት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ራሱን ያመመው ሰው «ኪኒን ዋጥኩ» ይላል እንጂ «መድኃኒት ጀመርኩ» አይልም። ጋሼ ይሄን ያጡታል? አያጡትም። ግን ሲያስቡልኝ ቃል የሚመርጡበት ፋታ የላቸውም። እኔም መሪዬን ይዤ በጆሮዬ ሰምቼ ምንም አልመሰለኝም፤ እኔ የማውቀው የጀመርኩትን ነዋ!

የቀረውን ስልኬ ጨረሰው። ሰዓት ጠብቀህ ውሰድ ስለተባልኩ ደወል ሞልቼበት ነበር። መኪናው ጢም ብሎ ሞልቶ ስንጓዝ ስልኩ ያንቧርቃል፤ ጋሼ ቀድመውኝ «ሾፌር! ሰዓትህ ደርሷል!» ይሉና የውሃ ላስቲኩን በሰው ጭንቅላት ላይ አሻግረው ያቀብሉኛል። ዳር ይዤ እቆምና እውጣለሁ። መኪናው ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም። እኔ ደግሞ ሲጋራውን እንዳቆም የጓጉልኝ መስሎኝ «አይዟችሁ፣ እበረታለሁ!» እላቸዋለሁ። አንዷ ሴትዮ እንባዋን ጠረገች።

ከዚያ ወዲያ የሰው ደግነት አያድርስ ነው። የምግብ ፍላጎቴ ተዘግቶ ስለነበር ከስቻለሁ፣ አፌ ስለሚደርቅ ውሃ ከእጄ አይጠፋም፣ ዓይኔ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል፤ ለወሬው ሌላ ምስክር አላስፈለገም። ጀውሃ ምግብ ቤት ያለችው ሴት ያላዘዝኩትን ወተት አምጥታ «ጠጣ፣ በባዶ ሆድ አይወሰድም» ትለኛለች። ትራፊኩ አስቆመኝና ፊቴን አይቶ «ሂድ ሂድ፣ ዋናው ጤና ነው» ብሎ መንጃ ፈቃዴን መለሰልኝ። ለማቆም የቆረጥኩት ቀን ከመድረሱ በፊት የመሰናበቻ አንድ ሲጋራ ልግዛ ብል፣ መናኸሪያ በር ላይ ዕቃውን በአንገቱ አንጠልጥሎ የሚዞረው ጀብሎ አልሸጥም አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው? ደንበኛህ አይደለሁ?»

«ስለሆንክ ነው። መድኃኒቱን ያበላሽብሃል። ስትድን አጭስ።»

ሌላ ሱቅ ሄድኩ፤ እዚያም ያው። የይፋት ቆላ ሰው ሲጋራን እንደዚህ ሲጠላ ኖሮ እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅሁት ብዬ ተገረምኩ። በየደረስኩበት እጅ እየነሳሁ «እግዜር ይስጥልኝ፣ በእናንተ ጸሎት ነው» እል ነበር። ወይ ጉዴ!

ሳላጨስ ሰንብቼ፣ ጣቴን እኔ ራሴ አሽትቼ፣ ትንሽ ቀርቶታል ባልኩበት ቀን አጣዬ ደረስኩ። ሚስቴ ወደ መስኮቱ መጣች። እጄን ዘረጋሁላት። አላሸተተችውም። ፊቷ ገርጥቷል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለች። «መድኃኒት ጀምረሃል የሚባለው እውነት ነው?»

ጋሼን በመስታወቱ ገላመጥኳቸው። ከዚያ ግን ደስታው አሸነፈኝ፤ ደረቴን ነፋሁ። «አዎ፣ ጀምሬያለሁ!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰነባብቻለሁ። ድንገት ላስደስትሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ልታስደስተኝ?»

«ታዲያስ! ላንቺና ለልጁ ብዬ እኮ ነው። ሐኪሙ ከበረታህ ይተውሃል ብሎኛል።»

«የሚተው ነገር ነው እንዴ?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ስንቱን ሰው ተወው መሰለሽ!»

«ከየት አመጣኸው?»

«ከአዲስ አበባ!» አልኳት፣ በኩራት።

እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ አለች። አማቴ እየሮጡ ወጥተው ደግፈው አስገቧትና በሩን ዘጉት። ከኋላዬ ያሉ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ነፍሰ ጡር ናት እኮ። እንዲህ ያለ ነገር እያንቧረቁ ይነገራል?»

«ሲጋራ ለማቆም ኪኒን ጀመርኩ ማለት ምን ነውር አለው?»

«እሺ» አሉ ሽማግሌው በሐዘኔታ። «ሲጋራ ነው፣ ይሁንልህ።» ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ነገር ዓለሙ ዞረብኝ። «አበስኩ ገበርኩ! ሰዎች፣ ሲጋራ ነው! የሲጋራ ነው የምላችሁ!» እያልኩ ብልቃጡን ባወዛውዝ ማን ይመነኝ? ብልቃጡ ሲንኳኳ ጭራሽ ባሰ። ጋሼን ይውረዱ አልኳቸውና መንገድ ላይ ጮኽኩባቸው።

«እኔ ምን አልኩ?» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «መድኃኒት ጀምሯል አልኩ። አልጀመርክም?»

ምን ይመለሳል! ጀምሬያለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አማቴ ቤት ተሰበሰብን። እናቴ ከቀወት መንደሯ ወሬው ደርሷት፣ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃ ነው የመጣችው። ሚስቴ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች፤ እሷ በእርግዝናዋ ተመርምራ ነፃ ነሽ ተብላ ስለነበር ለራሷ አልፈራችም፤ ደብቆኛል ብላ ነው አንጀቷ የቆሰለው። አማቴ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ጎረቤታቸውን ጠርተው ብልቃጡን ሰጧት። ሁላችንም አፏን እናያለን።

«ይሄ የዚያ መድኃኒት አይደለም» አለች ነርሷ። እናቴ እልል ልትል ስትነሳ፣ «ይሄ የድብርት ነው» ብላ ጨመረች።

«ድብርት?» አሉ አማቴ ወደ እኔ ዞረው። «አብዷል ማለት ነው?»

«አይ፣ እትዬ፣ ሲጋራ ለማቆምም ይታዘዛል። ልክ ነው ያለው።»

ሚስቴ ሳቅዋን ለቀቀችው። እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። «ከአዲስ አበባ!» ትላለች፣ ደግማ ትስቃለች። ልቤ እፎይ አለ። ነርሷ ግን አልሳቀችም፤ ብልቃጡን አላስቀመጠችም።

«ብቻ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም። የለበትም አይደል?»

«በዘሩም የለ!» አለች እናቴ፤ ቁጣዋ ቁርጥ የእኔ። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ያም ቢሆን ወባ ነው።»

«የቱ ነው ወባ?» አልኳት።

«በሕፃንነትህ ነዋ። ወባ ይዞህ፣ ዓይንህ ነጭ ሆኖ እጅ እግርህ እየተንቀጠቀጠ ጣለህ። በዓመቱ ደግሞ ያዘህ። ከተሻለህ ወዲያ አልተመለሰም።»

«እማዬ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወባ ነው እንጂ የሚጥል አይደለም ብዬ ነዋ! የሚጥል ነው ብዬ ስምህን ላጥፋ?»

ነርሷ ሐኪሙ ይሄን ሳያውቅ መቀጠል እንደሌለብኝ ነገረችኝና እዚያው ደወልንለት። ጠየቀኝ፣ እናቴንም በስልክ ጠየቃት፤ እሷም ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ እየጮኸች አስረዳችው። «ምንም ላይሆን ይችላል» አለኝ በመጨረሻ። «ግን ሰው የጫነ መኪና ነው የምትነዳው። ይሄን ባውቅ አላዝልህም ነበር። ተወው።»

ያን ሁሉ ቀን የመዘንኩት፣ አፍ ማድረቁን፣ እንቅልፍ መንሳቱን፣ ያስቆመኛል አያስቆመኝም የሚለውን፣ አንድ ነገር ጎድሎት ነው ለካ። ዓይኔ ነጭ ሆኖ፣ መሪው ከእጄ ወጥቶ፣ ጣቴን «ላሽተው» ያሉኝ እነዚያ ባልቴት ከኋላዬ ተቀምጠው ታዩኝ። ብልቃጡን ለነርሷ ተውኩላት። ለዚህ አልተከራከርኩም።

ግን ከዚያ ቤት ስወጣ ሚስቴ እስከ መኪናው ሸኘችኝና፣ አንገቴን ደፍቼ «እንግዲህ ምን ላደርግ ነው?» አልኳት። «ኪኒኑም ቀረ። ያለ እሱ ሞክሬ አይተሽኛል። በዚህ ከቀጠለ ልጁን እናትሽ ናቸው የሚያሳድጉት።» እውነቴን ነው፣ ልቤ ደክሞ ነበር።

አሰበች። ፈገግ አለች። «ጀብሎው አልሸጥልህም ብሎሃል አላልክም?»

«አዎ።»

«ሱቆቹስ?»

«እነሱም።»

«እንግዲያው ተዋቸው። አንተም አታስተባብል።»

«ምን?»

«ያመኑትን ይመኑ። በዚህ መንገድ ላይ አንድም ሰው ሲጋራ የማይሰጥህ ከሆነ ከየት ታጨሳለህ?»

ከኋላችን የመጣችው እናቴ ሰምታ ደረቷን መታች። «ልጄ ስሙ እንዲህ ጠፍቶ ይቅር?»

ሚስቴ ዘወር አለች። ለእናቴ ቀና ብላ መልሳ አታውቅም ነበር። «ስሙ ምን ሆነ፣ እማማ? በሽታ ነው እንጂ ሌብነት ነው እንዴ?»

በዚሁ ገባንበት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መከራ እንኳን ሰው ፍየልም አይየው። መንገድ ያቋረጠ ፍየል ሁሉ ስድብ ጠግቧል። ጋሼ «ታገስ፣ ኢንሻአላህ ያልፋል» ሲሉኝ እሳቸውንም እሰድባለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንድ ቀን ከሩቅ አገር የመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ጀውሃ ላይ አጠገቤ ቆሞ፣ ሰው አክባሪ ነውና፣ ፓኬቱን በመስኮት ዘረጋልኝ። እጄ ሳላዘው ሄደ። ከኋላዬ ሚኒባሱ ሙሉ በአንድ አፍ «አይሆንም!» ብሎ ጮኸ። ሰውዬው ደንግጦ ፓኬቱን ጣለ። ከመኪናው ወርደው በእግራቸው የረገጡት እነዚያ ባልቴት ናቸው።

ሁሉም ግን ሳቅ አልነበረም። አንድ ቀን ጋቢና የተቀመጠ ደህና የለበሰ ሰው ውሃ ባቀብለው እጁን ሰበሰበ። ቆይቶም ጋሼን ከኋላ ቦታ ይፈለግልኝ አላቸው። ንዴቴ እስከ አናቴ ወጣ። መኪናውን ዳር አቆምኩና «የለብኝም እኮ!» ልለው ዞርኩ። ከኋላ የተቀመጡት ያዩኛል። ከነሱ ውስጥ ያለበት ካለስ? እኔ «የለብኝም» ብዬ ስኮራ ምን ይሰማዋል? እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩ ለእኔ ቀልድ ነበር።

«ውረድ» አልኩት ብቻ። ጋሼ በሩን ከፈቱለት፤ ሻንጣውንም በአክብሮት አወረዱለት።

ወሩ አለቀ፣ ሌላው ገባ። ሳሌ ቀነሰ። ምግብ ይጣፍጠኝ ጀመር። ከዕለታት አንድ ቀን አጣዬ ደርሼ ጥሩንባ ስነፋ፣ ሚስቴ በመስኮት በኩል አልመጣችም፤ በበሩ በኩል መጣች። ሆዷ ገፍቷል። አማቴ ሻንጣዋን ይዘው ከኋላዋ ቆመዋል፤ ዓይናቸው እርጥብ ነው። ጋሼ «አልሐምዱሊላህ!» እያሉ ሻንጣውን ተቀብለው ላይ ጫኑት፤ እሷን ደግፈው ጋቢና አስገቧት። ዕድሜ ልኬን ያልተያዘ አፌ ያን ጊዜ ተያዘ።

ጋቢናው ውስጥ ከእሷ ወዲያ በበሩ በኩል አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ተቀመጠች። በመስመሩ የምትመላለስ ሴት ናት፤ መልኳን አውቀዋለሁ እንጂ አነጋግሬያት አላውቅም። ጋሼ ከኋላ ሰው እስኪያስተካክሉ ሞተር አላስነሳሁም ነበር። ሴትዮዋ ወደ ሚስቴ ጠጋ አለችና ለጆሮዋ ስትነግራት እኔም ሰማሁ።

«እህቴ፣ ይቅር በይኝ። ባልሽ መድኃኒት መጀመሩን ስለማውቅ ነው የምነግርሽ። እኔን ሂጂ ጀምሪ ካሉኝ ቆይተዋል፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈርቼ ቀረሁ። እዚህ መኪና ላይ ስልኩ ሲጮህ፣ ሰው ሁሉ እያየው ሲውጥ፣ ደግሞ ሲስቅ አየሁት። እሱ ካላፈረ እኔ ምን ቤት ነኝ ብዬ በማግስቱ ሄድኩ። ጀምሬያለሁ። ለሰው ስናገር ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

ይቺ ሴት የበረታችው በእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ የዋጥኩት የሲጋራ ኪኒን ነው። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ብነግራት ደግሞ እዚያው ተቀምጣ ብቻዋን ልትቀር ነው። መሪውን ጨብጬ ሚስቴን አየኋት። ነፃ መሆኗን ታውቃለች፤ ነፃ መሆኔን ታውቃለች፤ አንድ ቃል ብትናገር በቃ።

የሴትዮዋን እጅ ያዘች። «አይዞሽ» ትላታለች ብዬ ስጠብቅ፣ «አይዞን» አለቻት።

ሞተሩን አስነሳሁ። ሴትዮዋ ጀውሃ እስክትወርድ ድረስ የሚስቴን እጅ አልለቀቀችም።